ሁለት በሬ፣ አንድ ግርግም፦ ቡሬው ለምን አልደለበም?

ጥያቄው ከእነዋሪ አካባቢ፣ ከሰሜን ሸዋ ሞረትና ጅሩ ወረዳ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። «በታኅሣሥ መጀመሪያ ሁለት በሬ ለፋሲካ ገዛሁ። አንድ ግርግም ላይ አስሬ የጤፍ ጭድ፣ ፉርሽካና የራሰ ጓያ እሰጣቸዋለሁ። እንደገዛኋቸው ለትል አይቨርሜክቲን የሚባለውን መርፌ አስወግቻለሁ። አሁን መጋቢት ነው። ቀዩ ደልቦ ዓይን ይስባል። ቡሬው ግን ጎድኑ እንደተቆጠረ ነው። ሁለቱም እኩል ይበላሉ። ጎረቤቴ ስንዴ ጨምርለት፣ ዩሪያም በውሃ በጥብጠህ አጠጣው ይለኛል። የማድለቢያ መርፌ አለ የሚሉኝም አሉ። ምን ላድርግ?»

«እኩል ይበላሉ» ከሚለው እንጀምር። አንድ ግርግም ላይ የታሰሩ ሁለት በሬዎች እኩል ስለመብላታቸው ማወቂያ መንገድ የለም። እርስዎ የሚያውቁት እኩል ማቅረብዎን ነው። ፉርሽካውና ጓያው ሲመጣ ቀዩ ቀንዱን አዙሮ ቡሬውን ይገፋል። ቡሬው ጭዱን ሲቆረጥም ቀዩ ጥሩ ጥሩውን ይጨርሳል። ይህ የሚሆነው መኖው በቀረበ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሆነ ቆሞ ያላየ ሰው አያውቀውም። ስለዚህ ዛሬውኑ ለያይተው ይሰሯቸው። ለእያንዳንዱ የራሱን ገንዳ ያድርጉለት። መኖውን መዝነው ይስጡ፤ ጠዋት የተረፈውንም መዝነው ያውጡ። ይህን ለአንድ ሳምንት ካደረጉ ጥያቄዎ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

በእርግጥ እኩል በልተው እኩል የማይጨምሩ ከብቶች አሉ። ይህ በሳይንስ በደንብ የተጠና ነገር ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ኮች እና ባልደረቦቹ በ1963 እ.ኤ.አ. አንድ መለኪያ አቀረቡ። የከብቱን ክብደትና የዕለት ጭማሪ አይተህ ይህን ያህል ሊበላ ይገባል ብለህ ታሰላለህ። ከዚያ በእውነት ከበላው ጋር ታስተያያለህ። ከተጠበቀው በታች በልቶ ያንኑ ያህል የጨመረ ከብት ቆጣቢ ነው። ከተጠበቀው በላይ የበላው አባካኝ ነው። ጠባዩ ከወላጅ ወደ ልጅ በመጠኑ ይወረሳል። በአውስትራሊያ ትራንጊ የምርምር ጣቢያ በዚህ መለኪያ ብቻ ከብቶችን ለዓመታት መርጠው አራብተዋል። ቆጣቢዎቹ ያነሰ መኖ በልተው የሌሎቹን ያህል አደጉ። ይህን ለመለካት ግን የእያንዳንዱን ከብት የዕለት መኖ ለሁለት ወር ተኩል ገደማ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ይህን ያነሳሁት በዚህ ዙሪያ የሚጻፈውን አይተው «ቡሬው ዘሩ አባካኝ ነው» ብለው እንዳይደመድሙ ነው። የዘር ልዩነት በሁለት ጤነኛ በሬዎች መካከል መጠነኛ ክፍተት ያመጣል። አንዱን አድልቦ የሌላውን ጎድን በሦስት ወር አስቆጥሮ አያስቀርም። እንዲህ ያለ ክፍተት ሲታይ የሚጠረጠረው ድርሻው፣ ጤናው ወይም ጥርሱ ነው።

ድርሻውን አይተናል። ጤናው ላይ የእኔ ዋና ጥርጣሬ የጉበት ትል ነው። አንድ ትልቅ የተሳሳተ ግምት የሚታረመውም እዚህ ላይ ነው። አይቨርሜክቲን የጉበት ትልን አይገድልም። የሆድ ክር ትሎችን፣ እከክን፣ ቅማልን ይገድላል፤ ጎበዝ መድኃኒት ነው። ጉበት ውስጥ ያለውን ጠፍጣፋ ትል ግን አይነካውም። ስለዚህ «ለትል አስወግቻለሁ» ማለት ቡሬው ከትል ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ሰሜን ሸዋ ደጋው ደግሞ ለዚህ ትል የተመቸ ነው። ትሉ ዕድገቱን ለመጨረስ ረግረግ ዳር የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ያስፈልገዋል። የጅሩ መረሬ አፈር ክረምቱን ውሃ ይይዛል። ጥቅምትና ኅዳር ሜዳው ሲደርቅ ከብቱ ለምለም ፍለጋ ረግረጉ ላይ ይወርዳል፤ ትሉንም የሚያነሳው ያኔ ነው። ከሣር ጋር የተዋጠው ትል አድጎ ጉበት ውስጥ ዕንቁላል እስኪጥል ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይወስድበታል። በታኅሣሥ የገዙት በሬ ችግሩን ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ምልክቱን ራስዎ ይዩ። ጠዋት ብርሃን ሲሆን በሬውን ያስይዙና የታችኛውን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣትዎ ወደ ታች ሳብ ያድርጉ። ውስጡ ቀይ ከሆነ ደሙ ጥሩ ነው። ነጣ ካለ ደም አንሶታል። የቀዩን ዓይን በዚያው አፍታ አይተው ያስተያዩ። ቀጥሎ መንጋጋው ሥር ያለውን ለስላሳ ቦታ በእጅዎ ይዳስሱ። ውሃ የቋጠረ ዕብጠት ካለ ጉዳዩ ገፍቷል ማለት ነው። ዕብጠቱ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ ውሎ ማታ ላይ ሊጎላ፣ ጠዋት ሊቀንስ ስለሚችል በሁለቱም ሰዓት ይዩ። ፀጉሩ ቆሞ ከደረቀ እሱም ይቆጠራል።

ከዚያ ትኩስ እበት ይዘው ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይሂዱ። የጉበት ትል ዕንቁላል ከባድ ስለሆነ በማዝቀጥ ዘዴ ነው የሚፈለገው። ይህንኑ ይጠይቁ። ዕንቁላል ካልተገኘ «የለበትም» አይባልም፤ ትሉ ገና ሕፃን ከሆነ ዕንቁላል አይጥልም። ምልክቱ ካለ መታከሙ ይሻላል። አልቤንዳዞል ለከብት ጉበት ትል በኪሎ ክብደት 10 ሚሊግራም ይሰጣል፤ የሚገድለው ግን ያደገውን ትል ብቻ ነው። ትሪክላቤንዳዞል ከተገኘ ሕፃኑንም ይገድላል። የትኛውም ቢሆን መጠኑ በክብደት ነው። «አንድ ኪኒን ይበቃዋል» ብሎ መገመት ገንዘቡን መጣል ነው። ትሉም መድኃኒቱን ይለምዳል።

ዓይኑ ቀይ፣ መንጋጋው ሥር ደህና ከሆነ አፉን ያስከፍቱ። ለዓመታት ያረሰ በሬ ጥርሱ አልቆ ሊሆን ይችላል። የፊት ጥርሶቹ አጥረው፣ ሳስተው፣ የተነቃነቁ ከሆኑ የመንጋጋዎቹም ሁኔታ ከዚህ አይርቅም። እንዲህ ያለ በሬ ጭድ አላምጦ አይፈጭም። እበቱ ውስጥ ረጃጅም የጭድ ስባሪ ያያሉ። ለዚህ መድኃኒት የለውም።

ሌላው ፌስታል ነው። ከከተማ ዳር የተገዛ በሬ ከሆነ ጨጓራው ውስጥ የፌስታልና የገመድ ቋጠሮ ሊኖር ይችላል። ይበላል፣ ቶሎ ይጠግባል፣ ሆዱ አንዳንዴ ይነፋል፣ ግን አይጨምርም። የሚያሟሟ መድኃኒት የለም። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለእርድ ለታሰበ በሬ ብዙ ጊዜ ወጪውን አይመልስም።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ምክር ልምጣ። ዩሪያን በውሃ በጥብጦ ማጠጣት በሬውን ሊገድለው ይችላል፤ ፈጽሞ እንዳያደርጉት። ጨጓራ ውስጥ ዩሪያ ወደ አሞንያ ይቀየራል። በውሃ ከገባ በአንዴ ይቀየርና አሞንያው ወደ ደም ያልፋል። ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ በሬው ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ይወድቃል። እንዲህ ከደረሰ የመጀመሪያ እርዳታው ብዙ አቼቶ በቀዝቃዛ ውሃ አድርጎ መጋት ነው፤ ለአንድ በሬ አቼቶው ብቻ በሊትር የሚቆጠር ነው። ይህም ቆሞ መዋጥ ከቻለ ብቻ ነው። ከወደቀ በኋላ ከጋቱት ወደ ሳንባው ይገባል። ሐኪም ይጥሩ።

ዩሪያ ትክክለኛ ቦታ አለው። ያ ቦታ ጭድ ማከም ነው። የጤፍ ጭድ ፕሮቲኑ ከመቶ 4 ወይም 5 ገደማ ነው። ጨጓራ ውስጥ ጭዱን የሚፈጩልን ረቂቅ ተሕዋስያን በደንብ ለመሥራት ከመቶ 7 ገደማ ይፈልጋሉ። ከዚያ ሲያንስ ጭዱ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ በሬው የጠገበ ይመስለዋል፣ መብላቱን ይቀንሳል። ጭድ ክምር አጠገብ ቆሞ የሚከሳ በሬ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። 100 ኪሎ ጭድ ላይ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ አሟሙቶ እያረሰረሱ መደርደር፣ መረጋገጥ፣ አየር እንዳይገባ በላስቲክ አፍኖ 21 ቀን ማቆየት ነው። በደጋው ብርድ አንድ ወር ቢያቆዩት አይጎዳም። ሲከፈት ለመስጠት ያሰቡትን አውጥተው ሌሊቱን ያናፍሱት፤ የሚያፍነው ሽታ መውጣት አለበት። ለጥጃ አይሰጥም። ለዘንድሮ ፋሲካ አይደርስልዎትም። ለሚቀጥለው ዙር ግን ከዚህ የሚሻል ርካሽ ሥራ አላውቅም።

ስንዴን መጨመርም እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ስንዴ ጨጓራ ውስጥ ከአብዛኞቹ እህሎች ፈጥኖ ይቦካል፤ አሲዱ ይበዛል። ጭድ የለመደ በሬ ድንገት ሁለት ሦስት ኪሎ ስንዴ ከበላ ማመስኳቱን ያቆማል። እበቱ ይቀጥናል፣ ግራጫ ይሆናል፣ የኮመጠጠ ይሸታል። ከባሰበት ይሞታል። ከተረፈም ጉበቱና ኮቴው ሊጎዱ ይችላሉ። መስጠት ከፈለጉ ከግማሽ ኪሎ ይጀምሩ፣ በየሦስት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ፣ መልመጃውን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያድርጉት። ስንዴው የተከካ እንጂ ዱቄት አይሁን። ጭድም ሁሌ ፊቱ ይኑር። ለቡሬው ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ስንዴ መጨመር ቀዳዳ እንስራ ላይ ውሃ መቅዳት ነው።

ስለ መርፌው። ገበያ ላይ «ማድለቢያ» እየተባለ የሚወጋው ብዙውን ጊዜ ቫይታሚን ነው። ጤነኛ የሚያመሰኳ ከብት የቢ ቫይታሚኖችን ጨጓራው ውስጥ ራሱ ይሠራል፤ ተጨማሪው ሥጋ አይሆንለትም። አሜሪካ ውስጥ ከጆሮ ቆዳ ሥር የሚቀበር የዕድገት ሆርሞን አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከልክሎታል። እሱም ቢሆን የሚሠራው የተሟላ መኖ ላይ ነው። ምንም መርፌ ያልተበላን መኖ ወደ ሥጋ አይቀይርም። የሚወጋልዎት ሰው ስሙን መናገር የማይፈልገውን ብልቃጥ በረትዎ አያስገቡ።

መኖዎን በተመለከተ ጓያ ላይ ጠብ የለኝም። ፕሮቲኑ ጥሩ ነው። ሰውን የሚያሽመደምደውን መርዝ የሚያመሰኳ ከብት ከሰው በተሻለ ይቋቋመዋል፤ ማራሱም መርዙን ይቀንሳል። መጠኑን ግን አያብዙ። ለፈረስና ለበቅሎ አይስጡ፤ እነሱን የኋላ እግራቸውን ይይዛቸዋል። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን ከ7 ኪሎ ተኩል እስከ 9 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል። ከዚህ ውስጥ 2 ኪሎ ፉርሽካ፣ 1 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው)፣ የቀረው ጭድ ወይም ድርቆሽ ቢሆን ደህና ቀመር ነው። ፋጉሎ ውድ ከሆነ ጓያው የተወሰነውን ይተካል። የሻገተ ፋጉሎ ግን በነጻም ቢሆን አይውሰዱ። በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞች መኖ ሲጠና አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በዋናነት የመጣው ከኑግ ፋጉሎ ነበር። መርዙ የሚጎዳው ጉበትን ነው። የጉበት ትል ላለበት በሬ ይህ ድርብ ጉዳት ነው።

ፉርሽካ ብዙ የሚበላ የተቀጠቀጠ በሬ ላይ ሌላ የሚጠበቅ ነገር አለ። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ይህ የሽንት ቧንቧ ውስጥ ጠጠር ይሠራል። በሬው ቆሞ ካማጠ፣ ሽንቱ ጠብ ጠብ ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይጥሩ። መከላከያው ለመኖ ተብሎ የሚሸጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት መቀላቀል፣ ጨው አለመንፈግና ውሃ ማብዛት ነው። ብዙ ሰው በሬ የሚያጠጣው በቀን አንዴ ነው፤ ጠዋት ውሃው በውርጭ ቀዝቅዞ ጥቂት ተጎንጭቶ ይተወዋል። ፀሐይ ሲሞቅ ይድገሙለት።

አሁን የገንዘቡ ነገር። በሬ ከሚበላው መጀመሪያ የሚሄደው ለመኖር ነው፤ ለሙቀቱ፣ ለልቡ፣ ለትንፋሹ። ሥጋና ስብ የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው። 8 ኪሎ በልቶ በቀን 800 ግራም የሚጨምር በሬ ለአንድ ኪሎ ጭማሪ 10 ኪሎ መኖ አስወጣዎት። ያንኑ 8 ኪሎ በልቶ 400 ግራም ከጨመረ 20 ኪሎ አስወጣዎት። ከሞፈር የወጣ ከሲታ በሬ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጥኖ ያገግማል። ከዚያ የሚጨምረው እየበዛ ስብ ይሆናል፤ ስብ ደግሞ ከቀይ ሥጋ ይልቅ ብዙ መኖ ይጠይቃል። ቀዩ አሁን እዚያ ደረጃ ላይ ሳይደርስ አይቀርም። ማማሩ እየበላ ያለውን ገንዘብ እንዳይሸፍንብዎ።

ሚዛን ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ጠዋት ሳይበላና ሳይጠጣ፣ እኩል መሬት ላይ አቁመው፣ ከሻኛው ኋላ ከፊት እግሮቹ አጠገብ የደረቱን ዙሪያ በሳንቲ ሜትር ይለኩ። ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት ርዝመቱን ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዝተው በርዝመቱ ያባዙና ለ10,840 ያካፍሉ። ዙሪያው 160፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ 307 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ቀመሩ ከእውነተኛው ክብደት ሊስት ይችላል። አንዱን በሬ ከራሱ ጋር በየሁለት ሳምንቱ ለማስተያየት ግን በቂ ነው። ከቁጥሩ ጎን ዓይንም ይጠቀሙ። ኢልካ ይባል የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል በ1986 እ.ኤ.አ. ለዜቡ፣ ማለትም ሻኛ ላለው ከብት፣ ባለ 9 ደረጃ የገላ መመዘኛ አውጥቷል። የሚታየውም ገበሬው የሚያየው ነው፤ ጎድኑ፣ ሽንጡ፣ የጭራው ሥር፣ ሻኛው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሁለቱን በሬዎች አንድ ዕጣ አይስጧቸው። ቀዩን አሁን ይለኩ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይድገሙ። በሁለት ሳምንት የጨመረው ኪሎ በገበያ ዋጋ የበላውን መኖ ካልሸፈነ ፋሲካን ሳይጠብቁ ይሽጡት። ከሸፈነ እስከ በዓሉ ይቆይ፤ መኖውን ግን አይቀያይሩበት።

ቡሬውን ከፋሲካ ዕቅድ ያውጡት። ጥርሱ ደህና ሆኖ ዓይኑ የነጣ ከሆነ ያሳክሙት፣ ለብቻው ያብሉት፣ ለክረምት እርሻ በሬ በሚፈለግበት በግንቦት ያውጡት። አገግሞ ቀንበር ላይ ጥሩ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ጥርሱ ያለቀ ከሆነ ግን አንድ ኩንታል ፉርሽካም አይጨምሩበት። መድኃኒት ሳያስሰጡት እንዳለ ይሽጡት፣ ለገዢውም ሁኔታውን ይንገሩ። ከታከመ ደግሞ ሥጋው ለሰው እስኪቀርብ የሚጠበቅ ቀን አለ። ለአንዳንዱ የአይቨርሜክቲን መርፌ 35 ቀን ነው፤ እሱም ሆነ የጉበት ትል መድኃኒቶች ግን ከብልቃጥ ብልቃጥ ይለያያሉ፤ መለያው ላይ ያለውን ያስነብቡ። የተሰጠበትን ቀን ይጻፉ። ያ ቀን ሳይሞላ ነጋዴ ጥሩ ዋጋ ቢጠራም እምቢ ይበሉ።